መዳብ ወይስ ብረት? ከደባርቅ እስከ አዲ አርቃይ የእንፋሎትና የሙቀት ነገር

በእንፋሎት ማሞቂያ ወይም በቦይለር ውስጥ እሳቱን ከውሃው የሚለየው ግድግዳ ሁለት ሥራ አለው፤ ሙቀት ማሳለፍና ግፊት መሸከም። በመጀመሪያው ሥራ መዳብ ብረትን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል፤ በሁለተኛው ግን ብረት ይበልጣል። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሁለቱ ማዕድናት ባሕርይ ብቻ አይገኝም። በግድግዳው ግራና ቀኝ ምን እንዳለ፣ ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ውሃው ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ሁሉ ይታያል።

ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ የሚያልፈው፣ ሊማሊሞን ወርዶ በዛሪማ በኩል አዲ አርቃይ የሚደርሰው መንገድ ይህን ጥያቄ በቅርብ ለማየት ይመቻል። በዚህ መስመር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ወይም የስኳር ፋብሪካ ቦይለር የለም። ይሁን እንጂ እንፋሎት በየቀኑ ሥራ ላይ ነው። በየቤቱ የአረቄ ማሰሮ ይጣዳል፣ በየከተማው ቡና ቤት የማኪያቶ ማሽን ያፏጫል፣ በጤና ተቋማት ደግሞ የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ይቀቀላል። ሦስቱም ውሃን ወደ እንፋሎት ለውጠው በዚያ እንፋሎት ሥራ ይሠራሉ። የተሠሩበት ነገር ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ ሸክላ፣ ሌላው መዳብ፣ ሦስተኛው የማይዝግ ብረት።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የአንድን ነገር ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ለመለካት 1 ሜትር ውፍረትና 1 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ ይታሰባል። በሁለቱ ፊቶቹ መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በውስጡ ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያልፍ ይታያል። በዚህ መለኪያ መዳብ 390 ገደማ ነው። የመዳብና የዚንክ ቅይጥ የሆነው ናስ ከ110 እስከ 120 ይደርሳል። ለቦይለር የሚውለው ተራ ብረት ወደ 50 ይጠጋል፤ የማይዝገው ብረት ደግሞ ከ15 እስከ 16 ብቻ ነው። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ 1 ያህል፣ የረጋ ውሃ 0.6፣ የረጋ አየር ደግሞ 0.03 አካባቢ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው ፍርዱን ወዲያው ሊሰጥ ይችላል። መዳብ ከተራ ብረት 8 ጊዜ፣ ከማይዝገው ብረት ደግሞ 25 ጊዜ ያህል የተሻለ አስተላላፊ ስለሆነ፣ የመዳብ ቦይለር ማገዶን በዚያው ልክ የሚቆጥብ ይመስላል። በሥራ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁጠባ አይታይም። ምክንያቱን ለማየት ከአረቄው ማሰሮ መጀመር ይበጃል።

የአረቄው ማሰሮ

በደጋው ገብስ፣ ወረድ ሲል ዳጉሳና ማሽላ የአረቄው እህል ናቸው። ከብቅልና ከጌሾ ጋር ተደፍድፎ የሰነበተው ድፍድፍ ወደ ማሰሮ ይገለበጣል፤ ማሰሮውም በጉልቻ ላይ ይጣዳል። ከአፉ እስከ መቀበያው ዕቃ ድረስ መቃ ይዘረጋል፤ እንፋሎት እንዳያመልጥ መጋጠሚያው ሁሉ በጭቃ ይመረጋል። መቀበያው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። አረቄ አውጪዋ እጇን ወደ ውሃው እየከተተች ትፈትናለች፤ ለብ ሲል ቀድታ ታፈስና በቀዝቃዛ ትተካዋለች። የማሰሮው ቂጥ ለዓመታት በተከመረ ጥቀርሻ ጠቁሯል።

ሙቀት ከእሳቱ ወደ ድፍድፉ ለመግባት ሦስት ነገሮችን በተራ ያልፋል። የመጀመሪያው ከማሰሮው ፊት ጋር የተጣበቀው ስስ የትኩስ ጋዝ ንጣፍ ነው። ጋዝ ሙቀት የሚያስተላልፈው በጣም በቀስታ ስለሆነ ትልቁ እንቅፋት እዚህ ላይ አለ። ሁለተኛው የማሰሮው ግድግዳ ነው። ሦስተኛው በውስጥ በኩል ግድግዳውን የሚነካው ፈሳሽ ነው። የሚፈላ ፈሳሽ አረፋው ያለማቋረጥ እየተነሳ ስለሚያናውጠው ሙቀቱን በፍጥነት ይወስዳል፤ እንቅፋትነቱም አነስተኛ ነው።

እነዚህን በአንድ ሚዛን ማየት ይቻላል። በተለመደ የቃጠሎ ሁኔታ የጋዙ ንጣፍ የሚያሳድረው እንቅፋት 20 ነው ቢባል፣ የሚፈላው ፈሳሽ 0.2 ያህል ይሆናል። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ግድግዳ 0.1፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የመዳብ ግድግዳ 0.013 ነው። ድምሩ በብረት 20.3፣ በመዳብ 20.21 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ነገሩ በየኬላው እየቆመ እንደሚሄድ የጭነት መኪና ነው። አንዱ ኬላ ግማሽ ቀን የሚያስቆም ከሆነ፣ በሌላው ኬላ የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች የጉዞውን ርዝመት አይቀይሩም።

ሸክላው ግን የተለየ ታሪክ አለው። 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሸክላ ግድግዳ በዚሁ ሚዛን 15 ይመዝናል፤ ድምሩም ወደ 35 ይወጣል። ማሰሮው በስስ ብረት ቢተካ በዚያው እሳት ወደ ድፍድፉ የሚገባው ሙቀት ከ70 በመቶ በላይ ይጨምራል። ከብረት ወደ መዳብ መሻገር ግን ከዚያ ላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውጭው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻም ቀላል አይደለም። ጥቀርሻ ከሸክላ በእጅጉ የባሰ አስተላላፊ ስለሆነ 1 ሚሊሜትሩ ብቻ በዚህ ሚዛን ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። ጥቀርሻውን የፋቀ ሰው ብረቱን በመዳብ ከለወጠው ሰው የበለጠ እንጨት ይቆጥባል።

በጋዝ በኩል ያለውን እንቅፋት የሚያቃልለው መድኃኒት ስፋት ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ ወደ ደባርቅ የሚወጣ የጭነት መኪና ራዲያተሩን ያየ ሰው በቱቦዎቹ መካከል የተደረደሩትን ስስ ክንፎች ያስተውላል። አየር ሙቀት የሚወስደው በቀስታ ስለሆነ የሚነካው ገጽ በብዙ እጥፍ እንዲሰፋ ተደርጓል። በቦይለርም እንዲሁ ነው። ጋዙ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ተከፋፍሎ እንዲያልፍ ማድረግ የግድግዳውን ማዕድን ከመቀየር እጅግ የላቀ ውጤት ያመጣል።

መቀዝቀዣው ሌላ ነው

በአረቄው ሌላኛው ጫፍ ማለትም በመቀበያው ላይ ጋዝና እሳት የለም። በውስጥ በኩል ወደ ፈሳሽ የሚመለስ እንፋሎት፣ በውጭ በኩል ውሃ ነው ያለው። እንፋሎት ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ሙቀቱን የሚለቀው በፍጥነት ስለሆነ እንቅፋቱ 0.2 ያህል ነው። የረጋው የውጭ ውሃ 2 ያህል ይሆናል። 10 ሚሊሜትር የሸክላ ግድግዳ ግን 10 ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግድግዳው ራሱ ዋናው እንቅፋት ሆኗል ማለት ነው። በ1 ሚሊሜትር ቆርቆሮ ቢተካ መቀዝቀዣው ከ5 እጥፍ በላይ ይፈጥናል።

በዚህ ጊዜ እንኳ መዳብ ከብረት የሚበልጠው በ1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን የያዘው የረጋው ውሃ ነውና። ውሃው እንዲንቀሳቀስ ቢደረግ፣ ለምሳሌ ከላይ እየገባ ከታች እንዲወጣ ቢሆን፣ የሚገኘው ጥቅም ከማዕድን ለውጥ ይበልጣል። የማዕድኑ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው በሁለቱም ፊት ሙቀት በፍጥነት ሲሄድ ነው፤ በአንድ ወገን እንፋሎት ሲጨመቅ፣ በሌላው ወገን ውሃ በፍጥነት ሲፈስ። እንዲህ ባለ ቦታ 1 ሚሊሜትር የማይዝግ ብረት ከጠቅላላው እንቅፋት ከ10 በመቶ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ መዳብ ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የእንፋሎት መቀዝቀዣ ቱቦዎች ለረጅም ዘመን ከናስና ከመዳብና ኒኬል ቅይጥ ሲሠሩ የኖሩትም ለዚህ ነው።

የዓለም መጠጥ አውጪዎች መዳብን የመረጡበት ምክንያት ግን ሌላም አለው። በእህል መጠጥ ውስጥ መጥፎ ሽታ የሚያመጡ የድኝ ውህዶች አሉ፤ መዳብ እነዚህን ይይዛቸዋል። የስኮትላንድ ውስኪና የፈረንሳይ ኮኛክ በመዳብ ጋን የሚወጡት በዋናነት ለጣዕም ነው። ሸክላን በብረት በርሜል ወይም በመዳብ ቱቦ መተካት ለሚሻ ቤት ከሙቀት ይልቅ የሚያሳስበው የበርሜሉ የቀድሞ ይዘትና የመገጣጠሚያው ብየዳ ነው። እርሳስ ያለበት ብየዳ አረቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ኬሚካል የተያዘበት በርሜል ታጥቦም አይነጻም።

የቡና ማሽኑ ሆድ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ማለዳ ቅዝቃዜው ሳይለቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚሄዱ እንግዶችና የመናኸሪያ ሰዎች ቡና ቤት ይገባሉ። ማሽኑ ላይ የተገጠመው የግፊት መለኪያ (ማኖሜትር) 1 ባር አካባቢ እስኪደርስ ይጠበቃል። ከዚያ ቧንቧው ወተት ውስጥ ይነከርና ያፏጫል።

ጠጋኝ የማሽኑን የጎን ክዳን ሲያነሳ የሚታየው ቀይ ሲሊንደር ነው። ብዙዎቹ የጣሊያን ማሽኖች ቦይለራቸው መዳብ ነው፤ መጋጠሚያዎቹ በናስ ተበይደዋል፤ ከጫፉ ገብቶ ውሃው ውስጥ የተነከረ ማሞቂያ ዘንግ አለ። የጣሊያን ማሽን ከመዳብ ጋር የተቆራኘው ከሥሩ ነው። የላ ቺምባሊ መሥራች ጁሴፔ ቺምባሊ እ.ኤ.አ. በ1912 ሚላን ውስጥ የከፈተው የመዳብ ዕቃ መሥሪያ ነበር። አንጀሎ ሞሪዮንዶ በቶሪኖ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ሉዊጂ ቤዜራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን ፈጠራቸውን አስመዝግበው ነበር።

እዚህ ላይ ሊያስገርም የሚችል ነገር አለ። በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማሽን ሙቀቱ ወደ ውሃው የሚገባው በዘንጉ በኩል እንጂ በመዳቡ ግድግዳ በኩል አይደለም። መዳቡ ሙቀት አያስገባም፤ ቢበዛ ወደ ውጭ ያስወጣል። የሚያስወጣውም የውጩ አየር በሚወስደው መጠን ስለሆነ፣ ግድግዳው ብረት ቢሆንም ኪሳራው ያው ነው። የመዳብ አስተላላፊነት ሥራ የሚያገኘው በቦይለሩ ውስጥ በሚያልፈው ቱቦ ላይ ነው። ለቡናው የሚገባው ንጹሕ ውሃ በዚህ ቱቦ ውስጥ እያለፈ በዙሪያው ባለው ትኩስ ውሃ ይሞቃል። በሁለቱም ወገን ውሃ ስላለ ግድግዳው ዋጋ ያገኛል።

ታዲያ ቦይለሩ ለምን መዳብ ሆነ? መልሱ ግፊቱና መጠኑ ትንሽ መሆናቸው ነው። የሲሊንደር ግድግዳ ሊኖረው የሚገባው ውፍረት በግፊቱና በስፋቱ ብዜት ልክ ያድጋል። ስፋቱ 18 ሴንቲሜትር፣ ግፊቱ 1.5 ባር የሆነ የመዳብ ሲሊንደር በስሌት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ይበቃዋል። ሠሪዎች ለብየዳና ለድንገተኛ ግፊት ሲሉ ከዚያ በላይ ያወፍሩታል። መዳብ ለመጠቅለል ይለዝባል፣ ለመበየድ ይቀላል፣ በንጹሕ ውሃ አይዝግም። ለትንሽ ቦይለር ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

የቦታው ከፍታም በእንፋሎቱ ላይ የራሱን አሻራ ያሳርፋል። ደባርቅ ላይ የአየር ግፊቱ 0.71 ባር ገደማ ስለሆነ ክፍት ድስት ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ማኖሜትር ደግሞ የሚያሳየው ከውጩ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። መርፌው 1 ባር ላይ ሲቆም እንፋሎቱ በባሕር ዳርቻ 120 ዲግሪ ይሆናል፤ ደባርቅ ላይ ግን ከ115 እስከ 116 ነው። ሊማሊሞን ወርደው ወደ አዲ አርቃይ ሲጠጉ በየ300 ሜትሩ ቁልቁለት የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ዓይነት የመርፌ ንባብ፣ የተለያየ እንፋሎት ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በማኪያቶ ላይ ጉዳት አያመጣም፤ በሕክምና ዕቃ ላይ ግን ያመጣል። አውቶክሌቭ የሚባለው መቀቀያ ዕቃውን በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ማቆየት አለበት። በባሕር ወለል ላይ ለዚህ 1.03 ባር ንባብ ይበቃል። በደባርቅ ከፍታ ያው ንባብ የሚሰጠው 116 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ መርፌው ወደ 1.33 ባር መድረስ ይኖርበታል። በሙቀት መለኪያ የሚመራ አውቶክሌቭ ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ በግፊት ብቻ የሚመራው ግን በባለሙያው እውቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። አውቶክሌቩ ራሱ የሚሠራውም ከማይዝግ ብረት ነው። ሙቀት በማስተላለፍ ከተጠቀሱት ማዕድናት ሁሉ የባሰ ቢሆንም፣ በየቀኑ የሚታጠብ፣ በጨውና በመድኃኒት የሚነካ ዕቃ ከማስተላለፍ ይልቅ ንጽሕናና ጥንካሬ ያሻዋል።

ግፊት ሲጨምር መዳብ የሚሸነፍበት ቦታ

አንድ የፋብሪካ ቦይለር 1 ሜትር ስፋትና 10 ባር ግፊት አለው እንበል። ውሃው በዚህ ግፊት የሚፈላው 180 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት የቦይለር ብረት ጥንካሬው እንዳለ ስለሆነ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት በስሌት ይበቃዋል፤ ለዝገትና ለብየዳ የሚጨመረው በዚያ ላይ ይመጣል። መዳብ ግን ሙቀት ሲነካው ይለዝባል። በዚያው ግፊት 20 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያስፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ የ8 እጥፍ ብልጫው ይተናል። ግድግዳው 5 ጊዜ ያህል ሲወፍር የሙቀት እንቅፋቱም 5 ጊዜ ያድጋል፤ መዳቡ ብረቱን የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ይሆናል። መዳብ ከብረት ስለሚከብድም የዕቃው ክብደት ከ5 እጥፍ በላይ ይጨምራል። የመዳብ የኪሎ ዋጋ ደግሞ ከተራ ብረት ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱን ያባዛ ገዢ መዳብን ለትልቅ ቦይለር አያስብም። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሆን መዳብ ጨርሶ ከውድድሩ ይወጣል፤ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች 600 ዲግሪ በሚጠጋ እንፋሎት ሲሠሩ የሚሸከመው ልዩ ቅይጥ ብረት ነው።

የታሪኩም አካሄድ ይህንኑ ይከተላል። ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 የሠራው ሞተር ቦይለሩ ከውጭ አየር እምብዛም በማይበልጥ ግፊት ይሠራ ስለነበር መዳብና እርሳስ በቂ ነበሩ። የጆርጅና የሮበርት ስቲቨንሰን ሎኮሞቲቭ "ሮኬት" እ.ኤ.አ. በ1829 ሲቀርብ 25 የመዳብ ቱቦዎች ነበሩት። ርካሽ አረብ ብረት በብዛት መመረት የጀመረው ሄንሪ ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1856 ዘዴውን ካሳወቀ በኋላ ነው። ከዚያም ወዲያ በአውሮፓ የሎኮሞቲቭ እሳት ቤት ለረጅም ጊዜ መዳብ ሆኖ ቆይቷል፤ አሜሪካኖች ወደ ብረት ፈጥነው ተሻግረዋል። መዳቡ ወደ 16 ሚሊሜትር፣ ብረቱ ወደ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ይሰጠው ነበር። አውሮፓውያኑ መዳብን የያዙት እሳት ቤቱ በየቀኑ እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲለጠጥና ሲኮማተር መዳብ ሳይሰነጠቅ ስለሚታጠፍላቸው ነበር።

በኢትዮጵያ የእንፋሎት ዘመን የጀመረው በአጼ ምኒልክ ጊዜ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ነጋዴው ሰርኪስ ተርዚያንም በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን አስመጥቶ ስሙ በአዲስ አበባ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ቀረ። ሐዲዱ በደረቁ ቆላ ሲያልፍ የሎኮሞቲቭ ኃይል ከድንጋይ ከሰል እኩል በውሃ ይለካ ነበር። ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ሐዲድ አልደረሰም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ ሊማሊሞ ላይ የተቆረጠው መንገድ የመኪና ነበር።

ነጩ ቅርፊት

የቡና ማሽኑ ዘንግ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይገኛል። ውሃ ሲተን የተሸከመው ካልሲየምና ማግኒዥየም አብሮት አይሄድም፤ በትኩሱ ገጽ ላይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ሙቀት የሚያስተላልፈው እንደ ሸክላ ነው። በቀደመው ሚዛን 1 ሚሊሜትሩ 1 ይመዝናል፤ 5 ሚሊሜትር ብረት ከሚያሳድረው እንቅፋት 10 እጥፍ፣ ከመዳቡ ደግሞ ከ70 እጥፍ በላይ። መዳብ ገዝቶ ቅርፊት ያስቀመጠ ሰው የመዳቡን ጥቅም በወራት ውስጥ ያጣዋል።

ከማገዶው ብክነት የከፋው ግን አደጋው ነው። በእሳት ፊት ለፊት ባለ የቦይለር ግድግዳ በአንድ ካሬ ሜትር 100,000 ዋት ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ፍሰት 5 ሚሊሜትር ብረት በሁለት ፊቶቹ መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት ያሳያል፤ መዳብ ከ1 ዲግሪ ትንሽ በላይ። 1 ሚሊሜትር ቅርፊት ግን 100 ዲግሪ ይጨምራል፤ 3 ሚሊሜትር 300። በ180 ዲግሪ ውሃ የሚሠራ ብረት ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ጥንካሬውን ያጣና ያብጣል፤ ከዚያም ይቀደዳል። መዳብ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይለዝባል። ብዙ የቦይለር ፍንዳታ የሚመጣው ከውሃ ማነስና ከቅርፊት ነው።

የውሃው ጠባይ ከአለቱ ይመጣል። የሰሜን ተራሮች የተገነቡት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ነው። ከባዛልት የሚመነጭ የደጋ ምንጭ ውሃ በጥቅሉ ከኖራ ድንጋይ ከሚመነጭ ውሃ ያነሰ ካልሲየም ይይዛል። ተከዜን ተሻግሮ በመቀሌ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ውሃ ከባድ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ በአንዱ ከተማ በዓመት አንዴ የሚጸዳ ማሽን በሌላው ከተማ በየጥቂት ወሩ ሊጸዳ ይችላል። ማጽጃው ብዙ ጊዜ ሲትሪክ አሲድ ነው። መዳብን ይታገሳል፤ ከታጠበ በኋላ ግን በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ ተራ ብረትን ደግሞ ይበላል። ትልልቅ ቦይለሮች ውሃውን አስቀድመው በጨው በሚታደስ ማለስለሻ ያሳልፋሉ፤ በየጊዜውም ከታች ያለውን ዝቃጭ በቫልቭ ያስወጣሉ።

ዝገትና ጠላቶቹ

ተራ ብረት በውሃ ውስጥ የሚጎዳው በዋናነት በኦክስጅን ነው። ትኩስ ውሃ ኦክስጅኑ ሲወጣለት በብረቱ ላይ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር መከላከያ ንጣፍ ይሠራል፤ ቦይለሩ በእሱ ተጠብቆ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ለዚህም የሚገባው ውሃ ቀድሞ እንዲሞቅና አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። መዳብ ኦክስጅንን ይችላል፤ ጠላቱ አሞኒያና የድኝ ጋዝ ነው። በስምጥ ሸለቆው አሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከመሬት በታች በሚወጣ እንፋሎት ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለሚኖር በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ መዳብ ከእንፋሎቱ ይርቃል። የማይዝገው ብረትም ስሙ እንደሚለው ፍጹም አይደለም፤ ጨው የበዛበት ትኩስ ውሃ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሁለቱን ማዕድን በአንድ ዕቃ ማጋጠም ሌላ ችግር ያመጣል። መዳብና ብረት በውሃ ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉና ብረቱ በፍጥነት ይበላል። በጥገና ጊዜ የመዳብ ቦይለር ላይ ተራ የብረት ቧንቧ ገጥሞ የሄደ ጠጋኝ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ይጠራል። የናስ መገጣጠሚያ በመሃል ቢገባ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የቢራ ፋብሪካዎች ታሪክ የምርጫውን ለውጥ ያሳያል። ድሮ የቢራ መቀቀያ ጋን መዳብ ነበር። አሁን ከማይዝግ ብረት ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ጎንደር ላይ ሥራ የጀመረው ዳሽን ቢራ ፋብሪካም የዘመናዊው ትውልድ ነው። ለውጡን ያመጣው ሙቀት አይደለም፤ በኮስቲክ ሶዳ በሚደረገው ማጠቢያ ጊዜ የማይዝገው ብረት የተሻለ መቆየቱ ነው። በሙቀት የጎደለውን ግድግዳውን በማሳሳትና ስፋቱን በመጨመር ያካክሱታል።

ምርጫው በአጭሩ

የግድግዳው ማዕድን የሚመረጠው በሙቀት አስተላላፊነቱ ብቻ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው። በአንድ ወገን የእሳት ጋዝ ካለ መዳብም ብረትም ልዩነት የላቸውም፤ ገንዘቡ በቱቦ ብዛት፣ በክንፍና ጥቀርሻ በማጽዳት ላይ ቢውል ይሻላል። በሁለቱም ወገን እንፋሎትና የሚፈስ ውሃ ካለ፣ ግፊቱም ትንሽ ከሆነ፣ ስስ የመዳብ ቱቦ ዋጋውን ያወጣል። ትንሽና አነስተኛ ግፊት ያለው ቦይለር፣ ልክ እንደ ቡና ማሽኑ፣ በመዳብ ቢሠራ ለመጠገንም ለመቆየትም ይመቻል። ግፊቱ ከጥቂት ባር ሲያልፍ፣ ስፋቱም ሲጨምር፣ ተራ የቦይለር ብረት ተወዳዳሪ የለውም። ንጽሕናና ተደጋጋሚ ማጠቢያ ለሚያስፈልገው ዕቃ የማይዝገው ብረት ይቀድማል። ሸክላን የሚተካ ሰው ደግሞ ከማንኛውም ብረት ትልቁን ጥቅም ያገኛል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥቅም ከውሃውና ከገጹ ጥራት ነው። በማንኛውም ምርጫ ላይ ውሃው ካልተጠበቀ ከመዳቡም ከብረቱም በፊት ቅርፊቱ ይፈርዳል።